ክብርት ሠናይት ልትጠይቀን መጣች

ሐበሻ በሰፈረበት ሰፈር ሁሉ አንድ ጠያቂ አይጠፋም። አዲስ ሰው ሲመጣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን እንዳመጣው፣ ለምን እንዳላገባ፣ አግብቶ ከሆነም ለምን እንደፈታ ሳያጣራ ምሳው የማይወርድለት ሰው ማለቴ ነው። ሌላው ከተማ እንዲህ ያለውን ሰው ወሬኛ ይለዋል። እኛ የሎስ አንጀለስ የፌርፋክስ ሰዎች ግን ዕድለኞች ነን፤ ለእኛዋ ጠያቂ ደሞዝ የሚከፍላት ካውንቲው ነው።

ክብርት ሠናይት ፕሮቤሽን ኦፊሰር ናት። ክብርት የምላት፣ ወደ አንድ ምግብ ቤት ስትገባ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ስለሚነሳ ነው። የሚነሳው ግን ለአክብሮት አይደለም፤ ለመሸሽ ነው።

ሥራዋን ለማያውቅ ላስረዳ። አንድ ሰው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ዳኛው ወዲያው ቅጣት አይጥልበትም። መጀመሪያ ሠናይትን ወይም መሰሎቿን ይልካል። እሷ ሄዳ ሰውየው እንዴት እንዳደገ፣ ምን ሠርቶ እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ጎረቤት ስለ እሱ ምን እንደሚል አጣርታ ሪፖርት ትጽፋለች። ሰውየው እስር ቤት ይግባ ወይስ ውጭ ሆኖ ይታረም የሚለውን ዳኛው የሚወስነው ያንን አንብቦ ነው። ወንጀሉን የሚያጣራው ፖሊስ ነው፤ ሰውየውን የምታጣራው እሷ ናት። ይህ ሥራ ለእኛ ሰው የተፈጠረ ነው ብዬ አምናለሁ። እናቶቻችን በነጻ ሲሠሩት ኖረዋል።

ችግሩ ሠናይት ሥራዋን ቢሮ ትታው አትወጣም። አስተናጋጁ «ዛሬ ጥብሱ ልዩ ነው» ሲላት፣ ሌላው ሰው እሺ ብሎ ያዛል። እሷ ግን መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ «ካንተ ሌላ ይህን የሚያውቅ ማነው?» ትለዋለች። ምስኪኑ አስተናጋጅ አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብቶ አብሳዩን በምስክርነት ይዞ መጣ። አብሳዩም ስለ ሥጋው አመጣጥ ቃሉን ሰጥቶ ሲመለስ ሽንኩርቱ አርሮ ነበር።

እኔም ከእጇ አላመለጥኩም። የምኖረው ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ ጥግ ነው፤ ቀን ቀን የሆቴል እንግዶችን አመላልሳለሁ፣ ሲመቸኝ ይህቺን ዓምድ እጽፋለሁ። አንድ እሁድ ክርስትና ቤት ዘግይቼ ደረስኩና እንደ ደንቡ «ትራፊክ ይዞኝ ነው» አልኩ። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንደማለት ያለ ነገር ነው። ሠናይት ግን ሳህኗን አስቀመጠች።

«የትኛው ፍሪዌይ ላይ?»

«ፎር ኦ ፋይቭ።»

«ከቤትህ ነው የመጣኸው? ሶ፣ የላ ሲዬኔጋን መንገድ ይዘህ ቀጥ ብለህ አትወጣም ነበር? ፍሪዌዩ ላይ ምን አስገባህ?»

ወጥ እየጨለፍኩ፣ በሰው ፊት፣ እንቅልፍ ጥሎኝ እንደነበር አመንኩ። ዕድሜዬንማ ከጠየቀችኝ ቆይቷል። የነገርኳትን ቁጥር ሰምታ «ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የተፈተንከው የትኛው መንግሥት ጊዜ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችና ጣቶቿን ቆጥራ ፈገግ አለች። ከዚያ ወዲህ በፊቷ ዕድሜዬን ጠርቼ አላውቅም።

ልጅ ያላቸው እናቶች ደግሞ ይህን ችሎታ በነጻ ሊጠቀሙበት ይሞክራሉ። ግሌንዴል ይኖራል የሚባል አንድ ኢንጂነር ሴት ልጃቸውን የጠየቀባቸው እናት፣ «እስኪ ልጄ፣ ዘሩን ትተሽ ጠባዩን ብቻ አጣሪልኝ» ብለው ቤቷ ድረስ ሄዱ። «የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘው ይምጡ» አለቻቸው። እሳቸውም ትእዛዙ የት እንደሚወጣ ሰፈሩን ሁሉ ሲጠይቁ ሰነበቱ።

እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት የምንይሉን ዕጣ በእጇ የያዘችው።

ምንይሉ ዌስትውድ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ቫሌት ነበር፤ የእንግዶችን መኪና እየተቀበለ ፓርክ ያደርጋል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓደኛው ከግሌንዴል ደወለለት። እህቱ ልትዳር ነው፣ የተከራዩት የሙሽራ መኪና ተበላሽቷል፣ ሙሽራዋ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። በዚያችው ደቂቃ አንድ ሰውዬ ጣሪያ የሌላት ነጭ መኪናውን ለምንይሉ አስረክቦ ሊበላ ገባ። ምንይሉ ሰውየው ጣፋጩ ላይ ሳይደርስ ደርሼ እመለሳለሁ ብሎ አሰበ። በቅዳሜ ትራፊክ ከዌስትውድ ግሌንዴል ደርሶ መልስ! ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ይህ ብቻውን የልጁን የዋህነት ይመሰክራል።

ሰውየው ምግቡ አልጣመው ኖሮ ቶሎ ወጣ። መኪናዋ የት እንዳለች ስልኩ ነገረው፣ እሱም ለፖሊስ ነገረ። ፖሊሶቹ ሲደርሱ መኪናዋ አበባና ሪባን ለብሳ፣ ሙሽሮቹን ጭና፣ አጃቢ አስከትላ እየተንሸራሸረች ነበር። ሰማያዊና ቀይ መብራት ከኋላ ብልጭ ሲል አጃቢው ምን መሰለው? ከተማው ሙሽራዋን ለማጀብ የላከው መሰለው። ጥሩምባው በረታ፣ እልልታው ቀለጠ፣ አንዲት አክስት ለፖሊሱ በመስኮት ዳቦ ቆርሰው ዘረጉለት። ቪዲዮውን ያላየ የለም። ስናየው እንስቃለን፤ መጨረሻ ላይ ምንይሉ እጁን ወደ ኋላ ሲያደርግ ግን ሁላችንም ስልኩን እናጠፋዋለን።

መኪናዋን ጭረት አልነካትም። ሕግ ግን ሕግ ነው። ምንይሉ ሥራውን አጣ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦም ጥፋቱን አመነ። ዐቃቤ ሕጉ እስራት ጠየቀ። ልጁ የዜግነት ማመልከቻ አስገብቶ ቀን እየጠበቀ ነበር፤ ጠበቃው እስር ቤት ከገባህ እሱም አብሮ ሊበላሽ ይችላል አለው። ሁሉ ነገር ዳኛዋ በምታነበው ሪፖርት ላይ ተንጠለጠለ።

ለሪፖርቱ የተመደበችው ሠናይት ሆነች። አለቃዋ ተከሳሹን በግል ታውቂዋለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ «የፌርፋክስን ሰው ሁሉ አውቀዋለሁ፤ እሱን ግን ገና አልጠየቅኩትም» አለችው አሉ።

ወሬው እንደተሰማ ጋሼ ዓለምሰገድ ተነሱ። ጋሼ ዓለምሰገድ የምግብ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ ለቅሶም ሠርግም ያለ እሳቸው አይቃናም። ከበር በር እየዞሩ፣ ሠናይት ስትመጣ ስለ ምንይሉ በጎ በጎውን ብቻ እንድንናገር አዘዙ። የሰው ገመና መሸፈን እንግዲህ ከማንም አናንስም። ሱቁ «ጨዋ ልጅ» አለ። ፀጉር ቤቱ «መልአክ ነው» አለ። ታክሲ ነጂዎቹ ምንይሉ በሕይወቱ ጉንዳን ረግጦ እንደማያውቅ በአንድ ድምፅ መሰከሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ምንይሉን አይቶት አያውቅም።

ሠናይት እኔ ዘንድ ስትደርስ ደክሟት ነበር። እኔም ያው «ጨዋ» አልኳት።

«አንተም?» አለችኝ። «ስማ፣ ምንይሉ ብዬ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የሚያወራኝ ስለ አንድ ቅዱስ ነው። ቅዱስ ደግሞ የሰው መኪና አይነዳም። ዳኛዋ ይሄን ስታነብ ‘ይሄን ልጅ የሚያውቀው ሰው የለም’ ነው የምትለው። ኦኬ? በዚህ ሪፖርት ልጁ ይታሰራል።»

ይህንኑ ይዤ ሮጥኩ። ለጋሼ ዓለምሰገድ ብነግራቸው ግን «ገና እትዬ ሸዋረጋ ይቀራሉ፤ እሳቸውን እናሰለጥናለን» አሉ።

እትዬ ሸዋረጋ የምንይሉ አከራይ ናቸው። ከቤታቸው ኋላ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ሲኖር ቆይቷል፤ ልጅ የላቸውም፣ እሱም እናቱ ሩቅ ናት። ሁለታችን ሄደን «ጨዋ፣ ታማኝ፣ ሃይማኖተኛ» የሚሉትን ሦስት ቃላት አስጠናናቸው። እንደ ጸሎት ደጋገሙት። ሠናይት ከቀጠሮው ቀድማ ደረሰችና እኔንና ጋሼን በረንዳ ላይ ጠብቁ ብላ አስወጣችን። መስኮቱ ግን ክፍት ነበር።

«እትዬ፣ ምንይሉን ያውቁታል?»

«ማንን? ያንን ሌባ?»

ጋሼ ዓለምሰገድ ደረታቸውን ያዙ።

«ሌባ ነው ያሉኝ?»

«ሌባ ነው እንጂ! ስኳሬን እየሰረቀ መኪናው ውስጥ ይደብቅብኛል። ‘ሐኪሙ ከልክሎሻል’ ይለኛል። የተከለከልኩት እኔ፣ እሱን ምን አገባው? ድስቴን ከፍቶ ሥጋ ሥጋውን ይለቅምና ደግሞ ጨው አንሶታል ይላል። ውሸታም! ጨው አላነሰውም።»

«ከእርስዎ ሌላ ይህን የሚያውቅ ማነው?»

«የማያውቅ ማነው በይኝ! ሰው ደውሎ ና ካለው እምቢ አያውቅም። እራቱን ጥሎ ይወጣል። የስንቱን ሶፋ ተሸከመ፣ ስንቱን ኤርፖርት አደረሰ! ይኸው እምቢ ማለት አለማወቁ ገደል ከተተው። ከፖሊስ ጣቢያ የወጣ ቀን ምን አለኝ መሰለሽ? ‘ጥፋት መሆኑን አውቄያለሁ፤ ግን ስታለቅስ በስልክ ሰማኋት’ አለኝ። በጥፊ ላጮለው ነበር። ደደብ ሌባ!»

በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። ሠናይት እየጻፈች ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ሠናይት አመስግና ከሄደች በኋላ እትዬ ሸዋረጋ ፊታቸው እያበራ ወደ በረንዳው ወጡ። «እንዴት ነበርኩ? ጨዋ አልኩት አይደል?» አሉን። ያሉትን ስንነግራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ውይ! ለፍርድ ቤት ሰው ሌባ አልኩት? በገዛ አፌ ልጄን አሳሰርኩት?» አሉና ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ልጄ ሲሉት ሰምቼ የማላውቀውን ሰው ያን ቀን ልጄ አሉት። ምንይሉ ማታ መጥቶ «ተይ ባክሽ፣ ምንም አይደለም» ቢላቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልበላም አሉ።

ጋሼ ዓለምሰገድ አሰቡ፣ አሰቡና ማንም አሜሪካዊ ሊያስበው የማይችለውን መፍትሔ አመጡ። «ሽማግሌ እንልካለን።»

«ወደ ማን?»

«ወደ ሠናይት ነዋ!»

ሄድን። ጋሼ ዓለምሰገድ፣ እኔ፣ እንዲሁም ከቤተ ክርስቲያን የተዋስናቸው አንድ አዛውንት፤ እኚህ አዛውንት አይናገሩም፣ ነገር ሲከብድ ግን በትክክለኛው ቦታ ላይ ያስላሉ። የካውንቲው ሕንፃ በር ላይ ያለው ጥበቃ ወንበር አሳይቶ ቁጭ በሉ አለን። ጋሼ ዓለምሰገድ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ። «የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም በለው» አሉኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ጥበቃው ሬዲዮውን አነሳ።

ሠናይት እየሮጠች ወረደች። ሦስታችንን ተደርድረን ስታየን ቆም አለች። «ጋሼ፣ ለማን ነው የመጣችሁት? እኔ ባል አለኝ።»

«ልጄ፣ ለጋብቻ አይደለም። የሸዋረጋን ቃል ልናስተካክል ነው። ሌባ ስትል ሌባ ማለቷ አይደለም።»

«ስለ ኬዙ ላወራዎት አልችልም። ግን አማርኛ ሊያስተምሩኝ ከሆነ እሰማለሁ። ምን ማለታቸው ነው?»

ጋሼ አሰቡ። «ሌባ ማለቷ ነው። ግን… ሌባ አይደለም።»

አዛውንቱ አሳሉ።

«ሶ፣ በእንግሊዝኛ ምን ብዬ ልጻፈው?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ከብዙ ጭንቀት በኋላ «ስዊትሃርት?» አልኩ። ይህን ያልኩት በራሴ ፈቃድ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። ሠናይት መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋችው።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ሌባ የሚሉት ሰው አለ?»

«የመጨረሻ ልጄን ነዋ። ገና ስትወለድ ጀምሮ። አሁን ዶክተር ሆናለች፣ ስትደውል ‘ይቺ ሌባ ዛሬ ምን ፈለገች?’ ነው የምላት።»

«በእውነት ሰርቆ የሚያውቁትን ሰውስ ምን ይሉታል?»

ጋሼ ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሁላችንም የምናውቀውን፣ የማኅበራችንን ዕቁብ ይዞ የጠፋውን ሰው አነሱ። «እሱንማ እንዴት ሌባ ይሉታል፤ ነውር ነው። አቶ ነው የምንለው። ‘አቶ እገሌን እግዜር ይርዳቸው’ ብለን ቦርሳችንን ወደ ወዲህ ሳብ እናደርጋለን።»

«ከእርስዎ ሌላ ይህን የሚያውቅ ማነው?»

እኔና አዛውንቱ እጃችንን አወጣን። ሠናይት አመሰገነችንና ወደ ሊፍቱ ሄደች። እሺም እምቢም አላለችም። ጋሼ ዓለምሰገድ በሽምግልና ዘመናቸው ሳይቀመጡ የተመለሱት ያን ቀን ብቻ ነው።

የፍርዱ ቀን ችሎቱ በእኛ ሰው ሞላ። ዳኛዋ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ናት። ጠበቃውና ዐቃቤ ሕጉ ተናገሩ። ከዚያ ሪፖርቱን ገለጠችና አንድ ቦታ ለሁሉም አነብበዋለሁ አለች። እትዬ ሸዋረጋ እጄን ጨበጡ፤ አስተርጓሚው በሹክሹክታ ይነግራቸዋል።

«‘የተከሳሹ አከራይ ሌባ ብለውታል’» ብላ አነበበች። ሌባ የሚለውን ‘ሊባ’ ብላ ነው የጠራችው። «‘እንዳጣራሁት፣ በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ አዋቂዎች ይህን ቃል የሚሰጡት እንደ ልጃቸው ለሚያዩት ሰው ነው። በእርግጥ የሰረቀን ሰው እንዲህ አይሉትም፤ በማዕረግ ጠርተው ይርቁታል። ይህንንም ሦስት ሰዎች አረጋግጠውልኛል። ሌሎቹ ምስክሮች ሁሉ ተከሳሹን አመስግነውታል፣ ነገር ግን ድክመቱን በትክክል የነገሩኝ እኚህ ሴት ብቻ ናቸው። ድክመቱ እምቢ ማለት አለመቻሉ ነው፤ ይህም እስር ቤት የሚያስተምረው ነገር አይደለም። የእሳቸው ቃል ካገኘኋቸው ምስክርነቶች ሁሉ የበለጠ ክብደት አለው።’»

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። «እኚህ ሴት እዚህ አሉ?»

እትዬ ሸዋረጋ እጄን ለቀው ተነሱ።

«አሁንም ሊባ ነው የሚሉት?»

እትዬ ሸዋረጋ ወደ ጋሼ ዓለምሰገድና ወደ እኔ በቁጣ እያዩ «አሁንማ እነዚህ ከለከሉኝ» አሉ። አስተርጓሚው ሲመልሰው ዐቃቤ ሕጉ ጭምር ሳቀ።

ዳኛዋ ወደ ምንይሉ ዞረች። «ነገ ጓደኛህ ደውሎ የሌላ ሰው መኪና አምጣልኝ ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

ምንይሉ አሰበ። በእውነት ያስብ ነበር፤ ጓደኛው የደወለለት ምን ቸግሮት እንደሆነ እያሰበ እንደነበር ከፊቱ ይነበባል። እትዬ ሸዋረጋ ከኋላ «እምቢ በል እንጂ አንተ!» ብለው ጮኹ።

«እምቢ» አለ ምንይሉ።

እስር የለም። ፕሮቤሽን ማለትም ውጭ ሆኖ መታረም፣ ከዚያም አረጋውያን ማዕከል ውስጥ የነጻ አገልግሎት። እልልታው ከችሎቱ እስክንወጣ እንዲቆይ አስተርጓሚው ለመነን፤ ጥቂት ብቻ አምልጧል።

ያን ዕለት ጋሼ ዓለምሰገድ ምግብ ቤታቸውን ለሰፈሩ ከፈቱ። ከቀኑ ደስታ መካከል ሠናይት ብቅ አለች፤ ከሥራ ወጥታ እራት ፈልጋ ነው። እንደ ሁልጊዜው ሰው ሁሉ ተነሳ። የዚያን ቀን ግን ማንም ወደ በሩ አልሄደም፤ የተነሳው ወንበር ሊስብላት ነበር። ወንበር በዛባትና መሀል ላይ ግራ ገብቷት ቆመች።

እትዬ ሸዋረጋ እጃቸውን ታጥበው፣ ስንት ቀን ጾመው የከረሙበትን ዶሮ በእንጀራ ጠቅልለው፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ጉርሻ ይዘው መጡ።

«እትዬ፣ አይቻልም» አለች ሠናይት እጇን እያወዛወዘች። «እርስዎ የኬዙ ምስክር ነዎት። ከምስክር ምንም ነገር መቀበል አልችልም። ሩል ነው።»

እትዬ ሸዋረጋ ጉርሻውን አላወረዱም።

«ምስክርነቴን ጨርሻለሁ» አሉ። «ዳኛዋም ፈርዳለች። ልጄም ቤቱ ነው። አፍሽን ክፈቺ።»

ሠናይት ምንይሉን አየችው። በሰው መኪና የሄደው ልጅ ጥጉ ላይ ቆሞ የሰው ሳህን ይሰበስባል፤ አንድ ሰው እርዳኝ ብሎት መሆን አለበት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ አፏንም ከፈተች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛውን ያጎረስኳት እኔ ነኝ።

ጉንጯ በሁለት ወገን ተወጥሮ መናገር ተሳናት። ከተዋወቅን ወዲህ ሠናይት ማንንም ሳትጠይቅ የተቀመጠችበት የመጀመሪያው ጊዜ ያ ነው። ሰላም የምናገኝ መስሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ግን ዝም ብሎ እሷን እሷን ያያል፤ እኔንም አንድ ነገር ጎደለኝ። ስለ ማን እንደምትጠይቅ፣ የቱ ጋ እንደምትይዘን ሳላውቅ መቀመጥ አልቻልኩም። የእኛን ነገር እንዲህ ከልቡ ማወቅ የሚፈልግ ሌላ ማን አለን?

ውሃ ቀዳሁና አቀበልኳት።

«ቶሎ ዋጪ» አልኳት።